እንቅልፍ እንዴት ተለካ? ከዋሻው እስከ እጅ አንጓ

የዚህ ዕትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ እንቅልፍ ነው። "እንቅልፍ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?" ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያ እንል ነበር፤ አንድ የእጅ ሰዓት ሥራ እስኪሰጠን ድረስ።

የትምህርት ቤታችንን መጋዘን ሌሊት ሌሊት የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። ካናዳ የምትኖር ልጃቸው ስማርት ዋች የሚሉትን የእጅ ሰዓት ላከችላቸው። ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ገዳሪፍ ደረሰ፣ ከገዳሪፍም በጭነት መኪና ካምፕ ገባ። ሰዓቱ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ትርታ ይቆጥራል፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኙም ጠዋት ይናገራል። አንድ የሠፈር ልጅ በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር አገናኘላቸው። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ልጅቷ ካናዳ ሆና የአባቷን እንቅልፍ ታያለች። "አባዬ፣ ዘንድሮ እንቅልፍህ ተስተካክሏል" ብላ ደስ እንዳላት ነገሩን። እሳቸውም ደስ ስላላት ደስ አላቸው፤ ግን ግር ብሏቸዋል። "እኔ የሌሊት ዘበኛ ነኝ፤ የምን እንቅልፍ ነው የምታይልኝ?"

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን የሶላሩ ባትሪ ከመጋዘኑ ጠፍቶ አደረ። ባትሪው እንዲህ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም፤ የማታው ክፍል መብራት ከእሱ ነበር። ኮሚቴው ተሰበሰበ። የሠፈሩ ልጅ ስልኩን አወጣና አሳየ፦ ከ2:10 እስከ 5:35፣ እንቅልፍ። "ዘበኛው ተኝተው ነበር፤ ማስረጃው ይኸው" ተባለ።

ሻይ የምትሸጠው እናት ብድግ አለች። "በሁለት ሰዓት ተኩል እኔ ጋ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነበር! ሰው ሁሉ አይቷቸዋል።" ሳቅ ሆነ። ሰዓቱ ግን የሚቆጥረው እንደ ሱዳን ነው፤ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት እንጂ እንደኛ ከንጋት አይደለም። 2:10 ማለት በእኛ አነጋገር ሌሊት ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው። ይህ ሲገለጽ የሻይዋ እናት ምስክርነት ወደቀ፣ ሳቁም ቆመ። አዛውንቱ ተነሥተው "አልተኛሁም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ መቁጠሪያዬን እየቆጠርኩ ነበር" አሉ። አንድ ወገን የሰው ቃል፣ ሌላ ወገን የመሣሪያ ጽሑፍ ሆነ። ሰብሳቢው ወደ እኛ ዞሩ፦ "መምህራን፣ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ይሄ ነገር እውነት ይናገራል ወይስ አይናገርም?"

የተማራችሁ መባላችን ራሱ አሳፈረን። ዩኒቨርሲቲውን ግማሽ ላይ ጥለን የወጣን ሰዎች ነን። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ጠየቅን። ከዚህ በታች ያለው ያገኘነው ነው። ዓመታቱን፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

መቼም እንቅልፍን መለካት ከሌላው ልኬት ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለው። አባቶቻችን ቀኑን በጥላቸው ይለኩ ነበር፤ ጥላቸውን በእግራቸው እየሰፈሩ ሰዓቱን የሚያውቁበት ስሌት በግዕዝ መጻሕፍት ሳይቀር ተጽፏል። ሌሊቱን ደግሞ በዶሮ ጩኸት ይከፍሉታል። የራሱን እንቅልፍ ግን ማን ይለካል? የተኛ ሰው ራሱን አያይም። ጠዋት "ደህና ተኛሁ" ወይም "ዓይኔን ሳልከድን ነጋ" ሲል ቃሉን ከመቀበል በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ያ ቃል ደግሞ በቅን ልቦናም ይሳሳታል። ሳይተኛ የነጋበት የሚመስለው ሰው አንዳንዴ ብዙ ሰዓት ተኝቷል፤ ያንቀላፋ ሰው ደግሞ "ኧረ አልተኛሁም" ብሎ ይምላል። ስለዚህ ሳይንስ ከሰውየው ቃል ውጭ ሌላ ምስክር መፈለግ ነበረበት።

መጀመሪያ የታሰበው ምስክር እንቅስቃሴ ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ሜለን ኢንስቲትዩት በሚባል የምርምር ተቋም ጆንሰንና ባልደረቦቹ የተኙ ሰዎችን ፎቶ እያነሡ አካላቸው ሌሊቱን እንዴት እንደሚገላበጥ መዘገቡ፤ ሥራቸው በ1930 ታተመ። "እንደ ግንድ ተኛ" የምንለው ሰው በእርግጥ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እዚህ ላይ ቆም በሉልን። እንቅስቃሴ የሌለበት እንቅልፍ የለም ማለት ነው። እንቅስቃሴ የሌለበት ንቃት ግን አለ። የዘበኛው ጉዳይ ያለው እዚህች ላይ ነው፤ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ምስክር አንጎል ራሱ ሆነ። ሃንስ በርገር በጀርመን አገር በየና ከተማ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ውጤቱን እስኪያሳትም አምስት ዓመት ፈጀበት፤ በ1929 ሲያሳትምም ብዙዎች አላመኑትም። በ1934 በእንግሊዝ ካምብሪጅ አድሪያንና ማቲውስ ሙከራውን ደግመው ሲያረጋግጡለት ነው ዓለም የተቀበለው። ከዚያ በ1937 አልፍሬድ ሉሚስ የሚባል፣ በባንክ ሥራ የከበረና በኒውዮርክ አቅራቢያ የራሱን ላቦራቶሪ ያቆመ ሰው፣ ከባልደረቦቹ ጋር የተኛ ሰው አንጎል ሌሊቱን አንድ ዓይነት ሆኖ እንደማያድር አሳየ። እንቅልፍን በአምስት ደረጃ ከፈሉት። እንቅልፍ እንደ መብራት ጠፍቶ የሚበራ ሳይሆን ደረጃ ያለው ነገር መሆኑ ታወቀ።

አሁን ስለ አንድ ስደተኛ እንንገራችሁ። ናትናኤል ክላይትማን በ1895 በሩሲያ ግዛት በነበረችው በኪሺንዮቭ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ፍልስጥኤም ሄደ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ወደ ቤይሩት ተሻገረ፣ ከዚያም በ1915 ኪሱ ውስጥ ምንም ሳይኖረው ኒውዮርክ ገባ። ሃያ ዓመቱ ነበር። በ1923 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። በኋላ "የእንቅልፍ ምርምር አባት" የተባለው እሱ ነው። 104 ዓመት ኖሮ በ1999 አረፈ። ተማሪዎቻችን "ትምህርት ያቋረጠ ስደተኛ የት ይደርሳል?" ሲሉን የምንጠቅሰው ሰው አንድ ጨመርን።

በ1938 ክላይትማን ብሩስ ሪቻርድሰን ከሚባል ተማሪው ጋር በኬንታኪ ግዛት ማሞዝ ዋሻ ውስጥ ገብቶ 32 ቀን ተቀመጠ። ፀሐይ የለ፣ ዶሮ የለ፣ ጩኸት የለ። አየሩ ሁልጊዜ 12 ዲግሪ ያህል ነው። በዋሻው ውስጥ ቀኑን 24 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 28 ሰዓት አደረጉት፤ 19 ሰዓት መንቃት፣ 9 ሰዓት መተኛት። የአልጋቸውን እግሮች አይጥና በረሮ እንዳይወጣባቸው ጣሳ ውስጥ አቁመውት ነበር ይባላል። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ እኛም ጊንጥና ጉንዳን ፈርተን አንገረባችንን እንዲሁ አይደል የምናደርገው? ወጣቱ ሪቻርድሰን በሳምንት ጊዜ አዲሱን ቀን ለመደ። የ43 ዓመቱ ክላይትማን ግን 32 ቀን ሙሉ ሳይለምደው ወጣ፤ የሰውነቱ ሙቀት የድሮውን የ24 ሰዓት ዑደት እንደያዘ ቀረ። ሰውነት የራሱ ሰዓት እንዳለውና ያም ሰዓት በትእዛዝ ብቻ እንደማይዞር ከዚህ ሙከራ ብዙ ተምረዋል።

ከክላይትማን ተማሪዎች አንዱ ዩጂን አሰሪንስኪ ነው። ብዙ ኮሌጅ ገብቶ ወጥቷል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ ሳይይዝ ነው ቺካጎ ለከፍተኛ ትምህርት የተቀበሉት። ከአሮጌ ዕቃ መሀል ያገኘውን የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ እየጠጋገነ የስምንት ዓመት ልጁን ራስ ከማሽኑ ጋር በሽቦ አያይዞ አስተኛው። ሌሊት ላይ የብዕሩ መስመር የነቃ ሰው እስኪመስል ድረስ ይሯሯጥ ጀመር። ልጁ ነቃ ብሎ ሄዶ ቢያይ ልጁ ተኝቷል፤ ዓይኖቹ ግን ከቆባቸው በታች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ይህ ዛሬ ሬም የሚባለው፣ አብዛኛውን ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። አሰሪንስኪና ክላይትማን በ1953 አሳተሙት። በዚህ ጊዜ አንጎል እንደ ነቃ ይሠራል፣ ዓይን ይሮጣል፣ የቀረው ሰውነት ግን ጡንቻው ተፈትቶ በድን ይሆናል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ከሁሉ የበለጠ ተኝቷል የሚባለው፣ ከውስጥ ለሚያይ ደግሞ ንቁ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ መለኪያው ተስተካከለ። አንጎልን፣ ዓይንንና የአገጭ ጡንቻን በአንድነት መመዝገብ፣ ይህንንም በአጫጭር ክፍሎች ቆራርጦ እያንዳንዱን ማንበብ። የአነባበቡ ደንብ በ1968 ሬክትሻፈንና ኬልስ በሚባሉ ሰዎች አዘጋጅነት በመጽሐፍ ወጣ፤ በ2007 በአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ መመሪያ ተተካ። ሙሉ ምርመራው ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ሰዎች "ዋናው ሚዛን" የሚሉት ይህንን ነው። ያም ሆኖ ሚዛኑን የሚያነበው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይለያያል። በ2013 በወጣ ጥናት ከ2,500 በላይ የሠለጠኑ አንባቢዎች ተመሳሳይ መዝገብ ሲሰጣቸው በአማካይ የተስማሙት ከመቶ 82.6 ላይ ነው። ዋናው ሚዛን እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ልጁ ምን ይሆን?

ልጁ የእጅ ሰዓቱ ነው። ሰውን በሽቦ አስሮ ላቦራቶሪ ማሳደር ውድ ነው፤ ከአንድ ሁለት ሌሊት በላይ ማሳደሩም ይከብዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ መጀመሪያው ምስክር፣ ወደ እንቅስቃሴ፣ ተመለሱ። በ1970ዎቹ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚመዘግብ መሣሪያ ሠሩ። ክሪፕኪና ባልደረቦቹ በሳንዲያጎ በ1978 ሥራቸውን አወጡ፤ በ1992 ደግሞ ከአንጓ እንቅስቃሴ ብቻ ተነሥቶ "ተኝቷል" ወይም "ነቅቷል" የሚል ቀመር ታተመ። ቀመሩ ከላቦራቶሪው ጋር ሲነጻጸር 88 ከመቶ ይገጥማል ተባለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በዚህች ደቂቃና በዙሪያዋ ባሉት ደቂቃዎች ክንድህ ብዙ ከተንቀሳቀሰ ነቅተሃል፤ ካልተንቀሳቀሰ ተኝተሃል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የቴክኖሎጂ ዋጋ መርከስ ነው። አክስለሮሜትር የምትባለው እንቅስቃሴን የምታውቅ ጥቃቅን ዕቃ በመኪና ግጭት ጊዜ የአየር ከረጢቱ እንዲነፋ የምታዘው ናት። በመኪና ምክንያት ረከሰች፣ ስልክ ውስጥ ገባች፣ ከዚያ አንጓ ላይ ወጣች። ፊትቢት የተባለው ኩባንያ በ2007 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ዕቃ በ2009 ለገበያ አቀረበ። አፕል ደግሞ በ2020 በእጅ ሰዓቱ ላይ የእንቅልፍ መቁጠሪያ ጨመረ። ዛሬ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ስሙ የማይታወቅ ሰዓት እንኳ ሳይቀር እንቅልፍ እቆጥራለሁ ይላል። ከሥሩ የምታዩት አረንጓዴ መብራት የልብ ትርታ የሚቆጥርበት ነው፤ ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ በየትርታው የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል፣ ሰዓቱ ያንን ያነባል። ልብ በእንቅልፍ ዝግ ስለሚል ይህ ለቀመሩ ተጨማሪ ምስክር ይሆነዋል።

በነገራችን ላይ "መብራቱ በጥቁር ቆዳ ላይ በደንብ ይሠራል ወይ?" ብለው የጠየቁን ነበሩ። ጥያቄው ትክክል ነው። በ2020 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪም ቤት ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል አብልጦ እንደሚስት አሳይቷል፤ 11.7 ከመቶ ለ3.6። ስለ ልብ ትርታ ግን በዚያው ዓመት በ53 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ትልቁ የስሕተት ምንጭ የቆዳ ቀለም ሳይሆን እንቅስቃሴ ሆኖ አግኝቶታል።

እንግዲህ ወደ ኮሚቴው ጥያቄ። እውነት ይናገራል ወይ?

በ2013 ማሪኖና ባልደረቦቿ በ77 ሰዎች ላይ የአንጓውን መሣሪያ ከፖሊሶምኖግራፊ ጋር በየ30 ሴኮንዱ አነጻጸሩት። ሰውየው በእርግጥ ተኝቶ በነበረባቸው ክፍሎች መሣሪያው 96.5 ከመቶ ያህሉን "ተኝቷል" ብሎ በትክክል ተናገረ። በጣም ጥሩ። ሰውየው አልጋው ላይ ነቅቶ በነበረባቸው ክፍሎችስ? 32.9 ከመቶ ብቻ። ከሦስቱ ንቃት ሁለቱን እንቅልፍ ነው አለ ማለት ነው። ይህ ለምርምር የሚውለው መሣሪያ ነው። በ2021 ደግሞ በ34 ወጣቶች ላይ ሰባት የገበያ ዕቃዎች ተፈተኑ፤ አንዳንዶቹ አንጓ ላይ የሚታሰሩ፣ ሌሎቹ አልጋ አጠገብ ወይም ሥር የሚቀመጡ ነበሩ። እንቅልፍን በማወቅ ሁሉም 93 ከመቶና ከዚያ በላይ አገኙ። ንቃትን በማወቅ ግን ከ18 እስከ 54 ከመቶ።

ታዲያ እንዴት "ትክክለኛነቱ 86 ከመቶ፣ 88 ከመቶ" ተብሎ ይጻፋል? ይህን ለተማሪዎቻችን ሰሌዳ ላይ ሠርተን አሳየን፤ ለእናንተም እንሥራው። አንድ ጤነኛ ሰው 8 ሰዓት አልጋው ላይ ቆየ እንበል። 7ቱን ሰዓት ተኛ፣ 1 ሰዓት ነቅቶ ነበር። አሁን በእጁ ላይ በሰዓቱ ፈንታ ድንጋይ እንሰርለት። ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፦ "ተኝቷል፣ ተኝቷል፣ ተኝቷል።" ከ8 ሰዓቱ 7ቱን በትክክል ተናገረ። ስለዚህ የድንጋያችን ትክክለኛነት 87.5 ከመቶ ነው! አንድ ተማሪ "መምህር፣ ድንጋዩን እንሽጠው" አለን።

እጅ ሰዓቱ ድንጋይ ነው አላልንም። በጤነኛ እንቅልፍ ላይ ሲፈተን ስሕተቱ የማይታይበትን ምክንያት ነው ያሳየነው። አሁን ያንኑ ድንጋይ ሌሊቱን በሙሉ ነቅቶ ለሚያድር ሰው እንሰር። ትክክለኛነቱ ዜሮ ሆነ። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ጥሩ እንቅልፍ ላለው ሰው መልካም ዜና የሚያበስር መሣሪያ፣ እንቅልፍ ለሌለው ሰው ነው ከሁሉ የበለጠ የሚሳሳተው። እውነቱን ለመናገር ዘበኛ ተነሥቶ ሲንጎራደድ ሰዓቱ ያውቃል፤ የሚስተው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ የአዛውንቱ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረብን። ዝም ብሎ ነቅቶ ማደር በዚህ ካምፕ ማን የማያውቅ አለ? ድንበሩን ስንሻገር ማሽላ ውስጥ ተጋድመን፣ የልጆቹን አፍ ይዘን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያን ጊዜ ሰዓቱን አስረን ቢሆን ኖሮ "ሰላማዊ እንቅልፍ" ብሎ ይጽፍልን ነበር። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በጦርነቱ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት፣ ኡም ራኩባንና ዋድ ኮውሊን የሞሉት ሰዎች ብዙዎቹ ከአውሮፕላን ድብደባ ለመሸሽ ሌሊት እየተጓዙ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ይደበቁ ነበር። እነሱ ደግሞ ቀን በዛፍ ጥላ ሲያንቀላፉ ብዙዎቹ ሰዓቶች አይቆጥሩላቸውም ነበር፤ ሰዓቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ሌሊት በረጅሙ ለሚተኛ ሰው ነው፣ አጫጭር የቀን እንቅልፍን ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። በሚያዝያ የገዳሪፍ ሙቀት ሌሊቱን በላብ ነቅቶ ያደረና ከምሳ በኋላ ራኩባ ሥር ትንሽ ያሸለበ ሰው፣ ነቅቶ ያደረው እንቅልፍ ተብሎ፣ የተኛው ደግሞ ሳይቆጠር ቀርቶ ያገኘዋል።

ይህን የምንለው የሰው እንቅልፍ መታወቅ የለበትም ብለን አይደለም። በዚሁ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ሰው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ማወቅ ነፍስ ያዳነበት ታሪክ አለ። ካላዛርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚነክሰው ከመሸ በኋላ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት ከታኅሣሥ 1999 እስከ መጋቢት 2001 በገዳሪፍ 155 መንደሮች 357,000 መድኃኒት የተነከረ አጎበር አደለ። በኋላ መዝገቡ ሲመረመር አጎበሩ ከታደለ ከ17 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ በሽታው እስከ 59 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሆኖም ሰዎቹን ስንት ሰዓት አጎበር ውስጥ እንደሚገቡ ሲጠይቋቸው ክፍተቱ ታየ። ዝንቡ ከምሽቱ ጀምሮ ይነክሳል፣ ሰዎቹ ግን ገና ውጭ ተቀምጠው ያወራሉ። ትንኝ በማይኖርበት በበጋ ደግሞ አጎበሩን ይተዉታል፤ የአሸዋ ዝንቡ ግን የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ የታወቀው ሰውን ጠይቆ፣ መልሱን በወረቀት ጽፎ፣ ቤቱ ሄዶ አይቶ ነው።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ በሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ አላቸው። የአሜሪካው የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2018 ባወጣው አቋም፣ ተገቢው ፍተሻና ፈቃድ የሌላቸው የገበያ ዕቃዎች ለበሽታ ምርመራና ለሕክምና እንዳይውሉ አሳስቧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቺካጎ ያሉ ባለሙያዎች ከላቦራቶሪው ውጤት ይልቅ የእጃቸውን ሰዓት የሚያምኑ ሕመምተኞች እንደገጠሟቸው ጽፈዋል። እነዚያ ሰዎች በሰዓቱ የተነሣ ስለ እንቅልፋቸው ይጨነቁ ነበር። የፈረንጅ ጣጣ ነው ብለን ልናልፈው ነበር፤ ግን የእኛ ኮሚቴ ያደረገውስ ከዚህ በምን ይለያል?

ማንበብ ብቻ አልበቃንም። አዛውንቱ ሰዓቱን አንድ ሌሊት እንዲያውሱን ጠየቅናቸው። ከመካከላችን አንዱ ሰዓቱን አሥሮ በእሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሌላው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ በፋኖስ ብርሃን በየሩብ ሰዓቱ ስሙን ይጠራዋል፣ መልስ መስጠቱንም በደብተር ይጽፋል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዝም ብሎ፣ ራዲዮ እየሰማ ቆየ። በየጥሪው መልሷል። ቃል ለመናገር ክንድ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ጠዋት ስልኩን ስንከፍት ከዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሆነውን "ቀላል እንቅልፍ" ብሎት አገኘን። አንድ ሌሊትና አንድ ሰው ማለት ጥናት አለመሆኑን እናውቃለን። ለኮሚቴው ግን የፒትስበርግንና የሳንዲያጎን ታሪክ ከመተረክ ይልቅ ደብተሩን ማሳየት ቀለለን።

በቀጠሮው ቀን ደብተሩንና ስልኩን ጎን ለጎን አስቀመጥን። የድንጋዩንም ስሌት ሰሌዳ ላይ ሠራን። አንድ የኮሚቴ አባል "እሺ፣ ታዲያ አለመተኛታቸውን ታረጋግጣላችሁ?" ብለው ጠየቁን። አናረጋግጥም አልን። ያን ሌሊት ሸለብ አድርጓቸው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ሰዓቱ ይህን አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። የምናውቀው ሰዓቱ የጻፈው ነገር እጃቸው እንዳልተንቀሳቀሰ ብቻ የሚናገር መሆኑን ነው። በዚህ ማስረጃ ሰውን ከሥራ ማስወጣት አይቻልም አልን። የሠፈሩ ልጅ አንገቱን ደፋ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ስልኩ የነገረውን ነው የተናገረው። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየና አዛውንቱ በሥራቸው እንዲቀጥሉ፣ ለመጋዘኑም ሁለተኛ ቁልፍ እንዲገዛ ተወሰነ።

አሁን ሰዓቱን የሚያስሩት ቀን ቀን ነው። ማታ ተረኛ ሲሆኑ አውልቀው ለእኛ ይሰጡናል፣ መሳቢያችን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ልጃቸው በስልክ "አባዬ፣ ምነው እንቅልፍህ መታየት አቆመ?" ብላ ጠይቃቸዋለች። ባትሪው ደከመ አሏት። የመጋዘኑ ባትሪ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የማታው ክፍል አሁንም በፋኖስ ነው።